ድረ ገጽ ላይ ያለ ሊንክ ሊንክ መሆኑ እንዲለይ ምን ማድረግ ይገባል?

ጀማሪ ዲዛይነር (ጠያቂ)

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ተቋም ድረ ገጽ የማስተዳደር ኃላፊነት ከተሰጠኝ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራውን የተማርኩት በራሴ ጥረት በመሆኑ፣ ቀላል በሚመስሉ ነገሮች ላይ ሳይቀር የሚያማክረኝ ሰው እፈልጋለሁ። ዛሬ ይዤ የመጣሁት የሊንክን ጉዳይ ነው።

ዘንድሮ የምዝገባ ቅጹን በድረ ገጻችን ላይ አውጥተን ነበር። ቅጹን የሚከፍተው ሊንክ በማስታወቂያው ሁለተኛ አንቀጽ ውስጥ ይገኛል። ዓረፍተ ነገሩ «ለመመዝገብ የሚፈልጉ አመልካቾች እዚህ በመጫን ቅጹን መሙላት ይችላሉ» የሚል ሲሆን፣ ሊንኩ ያረፈው «እዚህ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ምዝገባው በተጀመረበት ሳምንት የሬጅስትራሩ ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮኽ ሰነበተ። የደዋዮቹ ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ነበር፤ «ቅጹ የት ነው ያለው?» ይላሉ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ከገጠር ድረስ መጡ። ልጅቷን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ገጹን በራሷ ስልክ ከፍታ እንዴት እንደሞከረች እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። አውራ ጣቷ «እዚህ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አልፎት ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። ከዚያም ወደ ላይ ተመልሳ «የምዝገባ መስፈርቶች» የሚለውን ርዕስ ተጫነችው። ምንም አልተከፈተም። ጠበቅ አድርጋ እንደገና ከተጫነችው በኋላ «ኔትወርኩ ነው መሰለኝ» ብላ ስልኳን ዝቅ አደረገችው። ያ ርዕስ ሊንክ አይደለም፤ ነገር ግን ከሥሩ መስመር ተሰምሮበታል። ልጅቷ ምንም እንዳላጠፋች፣ ስሕተቱ የእኔ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። በሊንኮቹ ሥር የነበረው መስመር ገጹን ያዝረከርከዋል የሚል አስተያየት ከአለቆቼ በመምጣቱ አነሣሁትና፣ በምትኩ ሊንኮቹን በተቋሙ መለያ ቀለም በጥቁር አረንጓዴ (ቁጥሩ 006400 ነው) አደረግኋቸው። ሌላው ጽሑፍ ፍጹም ጥቁር ነው። ርዕሶቹን ግን በደብዳቤ እንደለመድነው ከሥራቸው አሰመርኩባቸው።

አሁን መስመሩን ወደ ሊንኮቹ ልመልሰው ወይስ ቀለሙን ማስተካከል ብቻ ይበቃል? መስመሩን ስሞክረው ከፊደሎቻችን እግር ጋር እየተጣበቀ ንባቡን ያበላሽብኛል፤ ለዚህ መፍትሔ አለው? «እዚህ ይጫኑ» የሚለውንስ በምን ልተካው? ሊንኮች በአዲስ ገጽ እንዲከፈቱ ማድረግ ተገቢ መሆን አለመሆኑንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ፊደል ወዳድ

ልጅቷን አጠገብዎ አስቀምጠው ማየትዎ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ የድረ ገጽ ባለሙያ ይህን ሳያደርግ ዓመታት ያሳልፋል።

ከርዕሱ ልነሣ። በእኛ አገር የደብዳቤ ልማድ «ጉዳዩ፦» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ ከሥሩ ይሰመርበታል። ልማዱ ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለኝም፤ የላቲን ጽሑፍ አንድን ቃል ነጥሎ ለማሳየት ትልልቅ ፊደላትንና ዘመም ያለ አጻጻፍን ይጠቀማል፣ ፊደላችን ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው ጸሐፊው ወደ መስመር መሄዱ አይቀርም። ወረቀት ላይ ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ድረ ገጽ ላይ ግን ከሥር የተሰመረ ጽሑፍ የራሱን ትርጉም ይዞ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሞዛይክ የተባለው ብራውዘር ሊንክን በሰማያዊ ቀለምና ከሥር በተሰመረ መስመር ካሳየበት ጊዜ ወዲህ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ብራውዘሮችም ይህንኑ እንደ መነሻ ይዘውት ቀጥለዋል። በመሆኑም እርስዎ ሊንኩን መስመር ነፍገው ለርዕሱ መስመር ሲሰጡት፣ ሁለቱን ምልክቶች አቀያየሯቸው። ርዕሶችን በመጠንና በደማቅ አጻጻፍ ይለዩ፤ መስመሩን ለሊንክ ብቻ ያስቀሩት። ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢያደርጉ እንኳ የስልኩ ጩኸት የሚቀንስ ይመስለኛል።

ስለ ቀለሙ ደግሞ በቁጥር ልናገር። የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ የሚባለውና በወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም የሚዘጋጀው ሰነድ፣ ቀለም መረጃን ለማስተላለፍ ብቸኛው ምልክት መሆን እንደሌለበት ይደነግጋል። ከመመሪያው ጋር የወጡት የአሠራር ማብራሪያዎች ደግሞ፣ ሊንኩ ከሥሩ መስመር ከሌለው በቀለሙና በዙሪያው ባለው ጽሑፍ ቀለም መካከል ቢያንስ 3 ለ 1 የብርሃን ንጽጽር እንዲኖር፣ ማውዝ ሲያርፍበት ወይም በኪቦርድ ሲደረስበትም ሌላ ተጨማሪ ምልክት እንዲያሳይ ይጠይቃሉ። የእርስዎን አረንጓዴ አሰላሁት። ከነጩ መደብ ጋር ያለው ንጽጽር 7.4 ለ 1 በመሆኑ ለንባብ ከሚፈለገው 4.5 ለ 1 እጅግ የተሻለ ነው። ከጥቁሩ ጽሑፍ ጋር ያለው ግን 2.8 ለ 1 ብቻ ነው። ይህም ማለት ቃሉ ጥሩ ሆኖ ይነበባል፣ ሊንክ መሆኑ ግን አይታይም። በተለይ በጠራራ ፀሐይ፣ ብርሃኑ ዝቅ ባለ ስልክ ላይ፣ አረንጓዴውና ጥቁሩ አንድ ይሆናሉ። ቁጥሩን 007800 ቢያደርጉት ከነጩ ጋር 5.7 ለ 1፣ ከጥቁሩ ጋር ደግሞ 3.7 ለ 1 ስለሚሆን ሁለቱንም ያሟላል፤ የተቋሙ መለያም አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። እንዲያም ሆኖ ቀለምን መለየት የሚቸግራቸው አንባቢዎች ስላሉ፣ በአንቀጽ ውስጥ ለሚገኝ ሊንክ መስመሩ ይመለስ የሚለው ሐሳቤ አይለወጥም። በሜኑ ውስጥ ያሉት ግን የቦታቸው አቀማመጥ ራሱ ሊንክ መሆናቸውን ስለሚናገር መስመር አያስፈልጋቸውም።

አሁን ወደ ፊደሉ እግር እንምጣ፤ ከልብ የምጨነቅለት ጉዳይ ይህ ነው። የአማርኛ አናባቢ በብዙ ፊደላት ላይ የሚለየው በእግር ነው። «ተ»ን እንመልከት። እግሩ ቀጥ ብሎ ሲወርድ «ተ»፣ ጫፉ ወደ ግራ ሲታጠፍ «ታ»፣ ወደ ቀኝ ሲቀጠል «ቲ»፣ ቀኙ ላይ ቀለበት ሲሠራ «ቴ» ይሆናል። «ቀ»ና «ነ»ም እንደዚሁ ናቸው። ከሥር የሚሰመረው መስመር እግሩን ከነካው፣ ግራና ቀኝ የሚዘረጋ እግር የሰጠው ያህል ይሆናል። በእርስዎ ገጽ ላይ «አዲስ የታከለ» የሚል ሊንክ ቢኖርና መስመሩ ቢጣበቅበት፣ ዓይን «አዲስ የተከለ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። የመጀመሪያው «የተጨመረ»፣ ሁለተኛው «ችግኝ የተከለ» ነው። በላቲን ፊደል ይህ ችግር የለም አይባልም፤ እዚያ ግን መስመሩ የሚያቋርጠው ወደ ታች የሚወርዱ ጥቂት ፊደላትን ጭራ ነው። የእኛ ግን ድምፁ የሚለይበትን ቦታ ራሱን ነው የሚሸፍነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የገጹ መልክ በሚጻፍበት በሲኤስኤስ ኮድ ውስጥ «ቴክስት አንደርላይን ኦፍሴት» የሚባለው ትእዛዝ መስመሩን ከፊደሉ ወደ ታች ያርቀዋል። እኔ 0.2 ኢኤም አካባቢ ጀምሬ (አንድ ኢኤም የፊደሉን መጠን ያህል ነው)፣ ፊደሉን በስልክ እያየሁ እስከ 0.3 ድረስ ከፍ አደርገዋለሁ። የመስመሩን ውፍረት አንድ ፒክስል ያድርጉት። «ስኪፕ ኢንክ» የሚባለው ደግሞ መስመሩ ፊደል በሚነካበት ቦታ እንዲቋረጥ ያደርጋል፤ በዘመኑ ብራውዘሮች ሳይነገረው የሚሠራ ቢሆንም፣ ለእኛ ፊደል ማራቁ ይበልጣል፣ መቆራረጡ በራሱ ዓይን ይረብሻልና። መስመሩ ዝቅ ሲል ከታችኛው የጽሑፍ ረድፍ ራስ ጋር እንዳይጋጭ የረድፎቹን ርቀት ወደ ፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ ያስፉት፤ ፊደላችን ከላይ እስከ ታች ቁመቱን ሞልቶ ስለሚቆም ይህ ቦታ ለንባቡም ይጠቅማል። መጨረሻ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ ኒያላንና ኢብሪማን እያቀያየሩ ይሞክሩት፤ የእግራቸው አወራረድ አንድ አይደለምና።

ነጭ በትር

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ኮምፒውተር የምጠቀመው ኤንቪዲኤ በተባለው ነፃ የስክሪን ማንበቢያ ነው። ቀለሙና መስመሩ እኔን አይመለከቱኝም። ሦስተኛው ጥያቄዎ ግን በቀጥታ የሚመለከተኝ በመሆኑ ጊዜ ወስጄ ልመልስ ፈለግሁ።

ዓይናማ ሰው ገጽ ሲከፍት መላውን በአንድ ጊዜ እንደሚቃኘው፣ እኛም ከዳር እስከ ዳር አናዳምጠውም። ኢንሰርትና ኤፍ7 የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስጫን በገጹ ላይ ያሉ ሊንኮች በሙሉ በዝርዝር ይቀርቡልኛል፤ በቀስት ቁልፍ እየወረድኩ አንድ በአንድ እሰማቸዋለሁ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሊንኩ ከነበረበት ዓረፍተ ነገር ተነጥሎ፣ ራሱን ችሎ ነው የሚመጣው። የእርስዎን ገጽ የመሰለ ገጽ ስከፍት የምሰማውን ልጻፍልዎ፦ «እዚህ። እዚህ። ተጨማሪ ያንብቡ። እዚህ። ተጨማሪ ያንብቡ። ይጫኑ። እዚህ።» የትኛው የምዝገባ ቅጽ፣ የትኛው የክፍያ ዝርዝር፣ የትኛው የስልክ ማውጫ እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም ከፍቼ መመለስ አለብኝ። ባለፈው ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አንድ ማስታወቂያ ፍለጋ ዘጠኝ «እዚህ» ከፈትኩ። ማስታወቂያው በዘጠነኛው ውስጥ ተገኘ፤ ቀኑ ግን በማግሥቱ የሚያበቃ ነበር።

ስለዚህ ሊንኩ የሚደርስበትን ነገር ስም ይሸከም። «የምዝገባ ቅጽ»፣ «የትምህርት ክፍያ ዝርዝር»፣ «የሬጅስትራር አድራሻና ስልክ» ቢሉት ከዝርዝሩ ውስጥ ነጥዬ ብሰማውም ይገባኛል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ በመሆኑ «ይህን ለማድረግ እዚህ ይጫኑ» የሚለው አነጋገር በጆሯችን የተለመደ ሆኗል፤ ነገር ግን መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ትእዛዝ ስለ ጉዳዩ ምንም አይናገርም። ስሙን ሊንክ ማድረግ ያስፈልጋል። «ይጫኑ» የሚለውን ቃል መተው እንኳ ይቻላል፤ ሊንክ መጫን እንዳለበት የማያውቅ አንባቢ እምብዛም ነው።

ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሊንኮች ወደ አንድ ቦታ ይድረሱ፤ ወደተለያየ ቦታ የሚደርሱ ከሆነ ስማቸውም ይለያይ። በምስል ላይ የተደረገ ሊንክ አማራጭ ጽሑፍ ከሌለው፣ ማንበቢያው የፋይሉን ስም በቁጥርና በፊደል ቅልቅል ያነብብልኛል። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ ገጹ በተጻፈበት በኤችቲኤምኤል ኮድ ውስጥ ካልተገለጸ፣ ማንበቢያው በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊሞክረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ከፊደሉ ምንም ሳልሰማ እቀራለሁ። ይህን ለማስተካከል አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የቆየ ፕሮግራመር

ከላይ የተባሉት ሁሉ ትክክል ናቸው። እኔ ስለ አዲስ ገጽ ልመልስ።

ሊንኩ በዚያው ገጽ ይከፈት፤ ይህ እንደ ሕግ ይያዝ። አንባቢው በአዲስ ገጽ መክፈት ከፈለገ በስልክም በኮምፒውተርም ራሱ ያደርገዋል፤ እርስዎ በግድ በአዲስ ገጽ ሲከፍቱበት ግን የመመለሻ ቁልፉ አይሠራለትም። በስልክ ላይ ደግሞ የተከፈቱት ገጾች ከኋላ ስለሚደራረቡ ሰውየው የነበረበት ገጽ የጠፋ ይመስለዋል። ከዚህ ሕግ የማወጣው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ አመልካቹ ቅጽ እየሞላ ሳለ መመሪያ ማየት ቢያስፈልገው፣ በዚያው ገጽ ከተከፈተ የሞላው ሊጠፋበት ይችላል። እንዲህ ሲሆን በአዲስ ገጽ ይክፈቱለት፤ ነገር ግን ከሊንኩ ጽሑፍ ጋር «በአዲስ ገጽ ይከፈታል» ብለው ይጻፉት፤ አዲሱ ገጽ የመጣበትን ገጽ እንዳይነካ የሚከለክለውን «ኖኦፕነር» የሚለውን ኮድም ይጨምሩበት። አዳዲስ ብራውዘሮች ሳይነገራቸው የሚያደርጉት ቢሆንም፣ የቆየ ስልክ የያዘ ሰው ብዙ ነው።

ሊንኩ የሚያወርደው ፋይል ከሆነ ዓይነቱንና መጠኑን በዚያው በሊንኩ ጽሑፍ ውስጥ ያስገቡት። «የክፍያ ዝርዝር፣ ፒዲኤፍ፣ 12 ሜጋባይት» ብለው ቢጽፉ፣ የመቶ ሜጋባይት ጥቅል የገዛ ተማሪ ከመጫኑ በፊት ይወስናል። የእኔ ምክር ግን ከዚህም ያልፋል፤ የክፍያ ዝርዝሩ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ከሆነ በስካነር የተነሣ ወረቀት ከሚያወርዱት ለምን በገጹ ላይ አይጽፉትም?

ሊንክንና ቁልፍንም ይለዩ። ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ነው፤ የሚልክ፣ የሚያስቀምጥ ወይም የሚሰርዝ ቁልፍ ነው። መልካቸው ብቻ ሳይሆን በኮዱ ውስጥም የተለያዩ መሆን አለባቸው፣ ነጭ በትር የሚጠቀሙበት ማንበቢያ «ሊንክ» ወይም «ቁልፍ» ብሎ የሚያስታውቃቸው ከኮዱ ተነሥቶ ነውና።

በጣት ስለመጫንም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ከላይ የተጠቀሰው የተደራሽነት መመሪያ 2.2 እትም፣ የሚጫኑት ነገር ቢያንስ 24 በ24 የሲኤስኤስ ፒክስል እንዲሆን ወይም በዙሪያው ያንን የሚያክል ክፍት ቦታ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ በአንቀጽ ውስጥ የሚገኝ ሊንክ ከዚህ ነፃ ነው። በተግባር ግን ከዚህ የበለጠ ያስፈልጋል፤ አንድሮይድ ለመተግበሪያ ሠሪዎች የሚመክረው 48 ነው። ከገጹ ግርጌ ተጠጋግተው የሚደረደሩትን «1 2 3» የሚሉ የገጽ ቁጥሮች በአውራ ጣትዎ ሞክረው ይዩአቸው።

አንድ ሊነሣ የሚገባው ነገርም አለ። የሊንኩ ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ «በ»፣ «የ»፣ «ለ»፣ «ከ» ይቀጠልበታል። «በምዝገባ ቅጹ» ብለን ስንጽፍ፣ «በ» የዓረፍተ ነገሩ እንጂ የነገሩ ስም አካል ስላልሆነ እኔ ከሊንኩ ውጭ አስቀረዋለሁ።

ፊደል ወዳድ

በዚህ ነጥብ ከእርስዎ ጋር አልስማማም፣ የቆየ ፕሮግራመር። «በ» በእርግጥ መስተዋድድ ነው፤ በአማርኛ አጻጻፍ ግን ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ከሚቀጥለው ስም ጋር አንድ ቃል ነው። አንዱን ቃል ከፊሉን ጥቁር፣ ከፊሉን አረንጓዴ አድርጎ መሰንጠቅ ለዓይን የፊደል ግድፈት ይመስላል። ጣትም ቢሆን ከቃሉ መጀመሪያ ላይ ሲያርፍ ምንም አይከፈትለትም።

ነጭ በትር

ለእኔ ልዩነቱ ከመልክ በላይ ነው። ቃሉ በተሰነጠቀበት ቦታ ማንበቢያዬ «በ» ይልና፣ ትንሽ ቆሞ «ሊንክ» ብሎ፣ ከዚያ «ምዝገባ ቅጹ» ይላል። ጆሮ የተለያዩትን ቁርጥራጮች መልሶ እስኪገጥም ድረስ ንግግሩ ያልፈዋል። እባክዎ ሙሉውን ቃል ሊንክ ያድርጉት። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሊንኩን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥቶ ራሱን ችሎ በአንድ መስመር ማስቀመጥ ነው፤ ያን ጊዜ «በ»ም «የ»ም የሚያጣላን አይሆንም።

የቆየ ፕሮግራመር

እንዲህ ሆኖ እንደሚሰማ አላውቅም ነበር። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ በእጄ ባሉት ገጾች ላይም አስተካክላለሁ።

ጀማሪ ዲዛይነር (ጠያቂ)

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ በተነገረኝ መሠረት ስሠራ ዋልኩ። አንቀጹን እንደገና ጻፍኩት፤ አሁን «አመልካቾች ቅጹን ሞልተው የስምንተኛ ክፍል ውጤታቸውን ፎቶ ኮፒ አያይዘው ይልካሉ» ይልና፣ ከሥሩ ራሱን ችሎ በተቀመጠ መስመር «የምዝገባ ቅጽ» የሚለው ሊንክ ይከተላል። ቀጥሎም «የትምህርት ክፍያ ዝርዝር» አለ፤ ፒዲኤፉን ትቼ በገጹ ላይ ጻፍኩት። መስመሩን 0.25 ኢኤም አራቅሁት፤ «ታ»ና «ቲ» አሁን በግልጽ ይለያሉ። አለቆቼንም አሳየኋቸውና መስመሩ ከፊደሉ ስለራቀ ቀድሞ እንዳሰቡት ገጹን አላዝረከረከባቸውም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ማስታወቂያውን በቴሌግራም ቻናላችን ላይ ስለጥፍ የገጹ አድራሻ ሦስት አራት መስመር የሚሞላ የፐርሰንት ምልክትና ቁጥር ሆኖ ይወጣል። ተከታዮቻችን አጭበርባሪ የላከው ሊንክ ስለሚመስላቸው ይፈሩታል። አድራሻ የሚያሳጥር አገልግሎት ልጠቀም?

ፊደል ወዳድ

አድራሻ ማሳጠሪያውን አይጠቀሙ። የሚደርስበትን ቦታ ስለሚደብቅ፣ ሰው የተታለለበት ሊንክ መልኩ ያው ነው። ተከታዩ ከመጫኑ በፊት የተቋማችሁን የድረ ገጽ ስም ማየት አለበት።

ምክንያቱን ላስረዳ። የገጹን አድራሻ በአማርኛ ፊደል ጽፈውታል። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል፣ ዩቲኤፍ8 በሚባለው ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ሥርዓት፣ ሦስት ባይት ይይዛል፤ አድራሻው ሲገለበጥ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት አኃዝ ሆኖ ይጻፋል። አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ወጣው ማለት ነው። «የምዝገባ» እና «መስፈርቶች» የሚሉት ሁለት ቃላት በሰረዝ ተያይዘው አሥራ አንድ ፊደል ናቸው፤ ሲገለበጡ በትክክል 100 ምልክት ይሆናሉ። በብራውዘሩ አናት ላይ በአማርኛ ሲታይ ያማረው አድራሻ፣ ሲለጠፍ እንዲያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፊደሌን ከየትኛውም ቦታ እንዲወጣ አልወድም፤ በዚህ ቦታ ግን አድራሻውን በአጭር የላቲን ፊደል ይጻፉት፣ አማርኛውን ደግሞ ሰው በሚያነብበት ቦታ ያኑሩት። ቴሌግራም ከሊንኩ ሥር የሚያሳየው ሳጥን ርዕሱንና መግለጫውን የሚወስደው ኦፕን ግራፍ ከሚባለው በገጹ ኮድ ውስጥ ከሚጻፍ መረጃ ስለሆነ፣ እዚያ «የምዝገባ ቅጽ» ብለው በአማርኛ ቢሞሉት ለተከታዩ የሚታየው እርሱ ይሆናል። አሮጌውን አድራሻ ሲቀይሩ ዝም ብለው አያጥፉት፤ ቀድሞ የተላለፈውን የሚጫን ሰው ወደ አዲሱ እንዲደርስ 301 በሚባለው ቋሚ ማዞሪያ ያገናኙት።

ጀማሪ ዲዛይነር (ጠያቂ)

አድራሻውን አሳጥሬ፣ ማዞሪያውንም አስገብቼ ትናንት ጠዋት አዲሱን ገጽ አወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሬጅስትራሩ በር ላይ ተራ ሲጠብቁ ለነበሩ ሦስት አመልካቾች በየስልካቸው ገጹን እንዲከፍቱ ጠይቄ፣ ምንም ሳልናገር አጠገባቸው ቆሜ ተመለከትኩ። ሁለቱ ቅጹን ወዲያውኑ ከፈቱት። ሦስተኛው ቅጹን ከከፈተ በኋላ «የሚያስፈልጉ ሰነዶች» የሚለውን ርዕስ ሁለት ጊዜ ተጫነውና ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ ገጽ ላይ ያለውን የርዕስ መስመር ሳላነሣ ቀርቼ ነበር፤ አሁን አንሥቼዋለሁ።